ቀለሙ ሲላጥ ማን ይመጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምመልሰው ስለ አደባባይ ጥበብ የደረሱኝን ደብዳቤዎች ነው። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ሥዕሉን ስለሚያሠሩትና ሐውልቱን ስለሚያስቆሙት ሰዎች መሆኑ አስደስቶኛል፤ የእነዚህ ሰዎች ስም ሥራው ሥር አይጻፍምና። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምሬ፣ አሁን ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የግድግዳ ሥዕል በሚያሠራ፣ ለትርፍ ባልቆመ አነስተኛ ድርጅት በፕሮጀክት አስተባባሪነት እሠራለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ውስጥ ያሉት ዓመቶች ግን በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ሌሊት ነው። በ2023 የጸደይ ወራት አውቶቡስ የምጠብቅበት ቦታ፣ ማስታወቂያ በሚሰቀልበት መስታወት ውስጥ ፊቷን ቀለም የተቀባች ሴት ፎቶግራፍ ነበረ። የባለሙያዋ ስም የአገሬ ሰው ስም ነው። የሚሸጥ ዕቃ የለበትም፣ የስልክ ቁጥር የለበትም። ማን ሰቀለው? ማንስ መረጠው? ገንዘቡ ከየት መጣ? (ወ/ሮ ጥ.፣ ከብሮንክስ)

መልስ፦ ወይዘሮ ጥ.፣ ያዩት የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ነው። አይዳ ኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር የወጣች፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ኋላም አዲስ አበባ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች ፎቶግራፍ አንሺ ናት። የዚያን ትርኢት ርዕስ የወሰደችው ከሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ነው። 12 ፎቶግራፎች በኒውዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን ከ330 በሚበልጡ የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ተሰቀሉ። እርስዎ ብሮንክስ ውስጥ ቆመው ሲያዩት፣ አይቮሪ ኮስት ውስጥ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰውም በዚያው ሰሞን ቆሞ ያየው ነበር ማለት ነው።

የሰቀለው ድርጅት ፐብሊክ አርት ፈንድ ይባላል። ማስታወቂያ አይደለም፤ የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤትም አይደለም። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ በ1977 የመሠረተችው ዶሪስ ፍሪድማን የምትባል የኒውዮርክ ሴት ናት። ዶሪስ ቀደም ሲል የከተማው የባህል ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዋ ኃላፊ ነበረች። የመንግሥትን በር ከውስጥ የምታውቅ ሰው ናትና የሚከፈተውንም የማይከፈተውንም ለይታ ታውቅ ነበር። ሲቲ ዎልስ የሚባል ግድግዳ የሚያስቀባ ማኅበር ነበረ፤ እሱን ፐብሊክ አርትስ ካውንስል ከሚባል ሌላ ማኅበር ጋር አዋሕዳ አንድ ድርጅት አደረገቻቸው። ከዚያ ጎን ለጎን የያዘችው ሌላ ትግል ነበር፤ ከተማው በራሱ ገንዘብ ከሚያስገነባው ሕንፃ ወጪ 1 በመቶው ለጥበብ ሥራ እንዲውል በሕግ እንዲደነገግ። ሕጉ የወጣው በ1982 ነው። እሷ ያረፈችው በ1981 ነውና ሲጸድቅ አላየችውም። ሴንትራል ፓርክ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ በስሟ የተሰየመ አደባባይ አለ፤ ድርጅቷ እስካሁን በየጊዜው አዲስ ቅርጽ ያቆምበታል። በዚያ በኩል ካለፉ ቆም ብለው ይዩት።

ከ1986 ጀምሮ ድርጅቱን በፕሬዚዳንትነት የያዘችው ልጇ ሱዛን ፍሪድማን ናት። የጥበቡን በኩል ከ2009 ጀምሮ የመራው ኒኮላስ ባውም የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። «ማን መረጠው?» ላሉኝ፣ መራጮቹ በእሱ ሥር ያሉ ኩሬተሮች ናቸው። ኩሬተር ማለት ባለሙያውን የሚፈልግ፣ ሐሳቡን አብሮ የሚያብላላ፣ ለየትኛው ቦታ የትኛው ሥራ እንደሚሆን የሚወስን ሰው ነው። ከአይዳ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ2021፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚያው እርስዎ ያሉበት ብሮንክስ ያደገውን አወል እርዝቁን መርጠው 13 ፎቶግራፎቹን በኒውዮርክና በቺካጎ 350 የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ሰቅለውለት ነበር። ትርኢቱን በሴት ልጁ ስም ነበር የሰየመው።

ቦታው ግን የድርጅቱ አይደለም። መጠበቂያዎቹን የሚያስተዳድረው ጄሲዲኮ የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ከየከተማው ጋር ተዋውሎ ማስታወቂያ ይሸጥባቸዋል። እንግዲህ ሥራውን ያስቡት፤ አንድ ሰው ከኩባንያው ጋር ተነጋግሮ ማስታወቂያ ሊወጣበት የሚችለውን ቦታ ለጥበብ ማስፈቀድ አለበት። ሌላው ፎቶግራፉ ኋላው መብራት ሲበራበት ቀለሙ እንዳይነጣ ከአታሚው ጋር ናሙና እያወጣ ይመለከታል። የትኛው ፎቶ የትኛው ሰፈር እንደሚሄድ ካርታ ዘርግቶ የሚደለድልም አለ። ከሥር ያለውን ሁለት መስመር ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ደግሞ አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ተነቦ ማለቅ እንዳለበት ያውቃል። እርስዎ ያቺን ሴት ሲያዩ ያዩት የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ሥራ ነው።

ገንዘቡ ከግለሰብ ለጋሾች፣ ከፋውንዴሽኖች፣ ከኩባንያዎችና በከፊልም ከመንግሥት ድጋፍ ይሰበሰባል። የቦርድ አባላት ደመወዝ የላቸውም፤ እንዲያውም ከኪሳቸው ይሰጣሉ፣ ወዳጆቻቸውንም ስጡ ይላሉ። በየዓመቱ ትልቅ የራት ግብዣ አዘጋጅተው ገንዘብ ያሰባስባሉ። እዚያ ራት ላይ የሚቀመጠውና ሌሊት አውቶቡስ የሚጠብቀው አይተዋወቁም፤ ያም ሆኖ የአንዱ ገንዘብ ለሌላው ዓይን ይውላል። እኔ በዚህ ሥራ የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሙዚየም እርስዎ ከሥራ በሚወጡበት ሰዓት ዝግ ነው፤ መጠበቂያው ግን መብራቱ እንደበራ ያድራል።

ጥያቄ፦ በቅንነት ልጠይቅዎት። እኛ ሰፈር ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። በዚህ ዓለም ላይ ሐውልት ለማቆም ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች መኖራቸው ትክክል ነው ይላሉ? (አቶ መ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አቶ መ.፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ውኃና ሐውልት ለአንድ ብር ከተሻሙ ብሩ ለውኃው ይሁን፤ ከማንም ጋር አልከራከርም። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የሚያሰባስቡት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለጥበብ ተብሎ የሚሰጥ ነው፤ እነሱ ባይለምኑት ወደ ውኃ ቧንቧ አይሄድም።

የእርስዎ ጥያቄ በሌላ በኩል ግን እውነት አለው። አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ ድርጅቶች የሚሰጥ ሰው የሰጠው ገንዘብ ግብር ከሚከፍልበት ገቢው ሊቀነስለት ይችላል፤ ድርጅቱም የገቢ ግብር አይከፍልም። ስለዚህ ሕዝቡ ሳያውቀው ድርሻ አለው፣ ድርሻ ካለው ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ድርጅት ቅጽ 990 የሚባለውን በየዓመቱ ሞልቶ ለመንግሥት የሚያስገባውና ለጠየቀው ሁሉ የሚያሳየው። የዋና ኃላፊዎቹ ደመወዝ በስም ተጽፎ አለበት። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ ማንበብ ይችላል። እኔ ከአንድ ድርጅት ጋር ከመሥራቴ በፊት መጀመሪያ የማነበው ይህንን ነው፤ ለአስተዳደር ስንት፣ ለባለሙያው ስንት? ለሠዓሊው የሚደርሰው ቁጥር ካነሰ አልሄድም።

የገንዘቡን ትልቅነት ካነሱ አይቀር አንድ ሥራ ልንገርዎት። በ2008 ከላይ ያነሣሁት የኒውዮርኩ ፐብሊክ አርት ፈንድ ኦላፉር ኤሊያሰን ከሚባል ሠዓሊ ጋር ሆኖ ኢስት ሪቨር በሚባለው የኒውዮርክ ወንዝ ዳርቻ አራት ሰው ሠራሽ ፏፏቴዎችን አቆመ። ትልቁ 120 ጫማ ከፍታ ነበረው። ወጪው 15.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከተማው በጎብኚዎች ምክንያት 69 ሚሊዮን ዶላር ኢኮኖሚው ውስጥ ገብቷል ብሎ ገምቷል፤ ይህ የከተማው ግምት ነው፣ እኔ ብዙም አልደገፍበትም። እኔን የሚያሳስበኝ የዛፎቹ ነገር ነው። የወንዙ ውኃ ጨው አለበትና ነፋስ ያመጣው ፍንጣቂ ብሩክሊን ዳርቻ ያሉትን ዛፎች ቅጠል አጠወለገ። ሰዎች ጮኹ። ፏፏቴዎቹ የሚሠሩበት ሰዓት በግማሽ ያህል ተቀነሰ። ሠዓሊ ስለ ውበት ያስባል፣ ለጋሽ ስለ ስሙ ያስባል፤ ስለ ዛፉ የሚያስብ ሰው ደመወዝ ተከፍሎት ካልተቀመጠ ዛፉ ይደርቃል። ለእነዚህ ሰዎች ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እርስዎ ቢያዩት የምመኘው ሌላ ሥራ ነበር። በ1982 አግነስ ዴነስ የምትባል ሠዓሊ፣ ይኸው ድርጅት ሥራውን ሰጥቷት፣ ከማንሃተን ደቡብ ጫፍ፣ ከዎርልድ ትሬድ ሴንተር መንታ ሕንፃዎች ሥር ስንዴ ዘራች። ሁለት ኤከር፣ ማለትም 0.8 ሄክታር ገደማ። ቦታው ከግንባታ የወጣ አፈርና ድንጋይ ተደፍቶበት ከወንዝ የተቀማ መሬት ነበርና በመጀመሪያ ድንጋዩና ቆሻሻው ተለቀመ፣ 200 መኪና አፈር ተጫነለት፣ 285 ፈር በእጅ ወጣለት። አራት ወር ታረመ፣ ውኃ ጠጣ፣ ነሐሴ ላይ ታጨደ። ከ1,000 ፓውንድ በላይ፣ ማለትም አራት ኩንታል ተኩል የሚሆን እህል ተገኘ። የአርሲ ገበሬ ይህን ምርት አነስተኛ ነው ይለዋል፤ መሬቱን ግን ከተለቀመው ድንጋይ ጋር አብሮ ያስብልኝ። የቦታው ዋጋ ያኔ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ይባል ነበር። በዚያ መሬት ላይ፣ የአክሲዮን ገበያው ሰዎች ከሚሠሩበት ጥቂት እርምጃ ርቀት፣ ስንዴ ሲበስል የሚያይ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ እርስዎ የጠየቁኝን ጥያቄ ነው የሚያስበው። እህሉ በኋላ ስለ ዓለም ረሃብ ከሚናገር ዐውደ ርዕይ ጋር 28 ከተሞችን ዞረ።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኞቼና እኔ ኮልፌ ውስጥ ግድግዳ መቀባት እንፈልጋለን። ማኅበር መሥርተን እንደ ውጭዎቹ በሥርዓት ብንሠራ ብለን አስበናል። ከየት እንጀምር? (አ.፣ ከኮልፌ)

መልስ፦ ወንድሜ አ.፣ ደብዳቤህን ሳነብ ደስታዬ ከፍ ያለ ነበርና ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

የምትጀምሩት ከቀለም ሱቅ አይደለም፤ ግድግዳው አጠገብ ከሚኖሩት ሰዎች ነው። እዚህ ብሮንክስ አንድ የጸጉር ቤት ባለቤት ግድግዳውን ለሥዕል እንዲፈቅድልን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ንድፉን ዘርግቼ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ትርጉሙ፣ ስለ ሠዓሊዋ ዝና አስረዳሁት። መቀሱን ሳያስቀምጥ ሰማኝና «ቀለሙ ሲላጥ ማን ይመጣል?» አለኝ። ይህችን ጥያቄ ዛሬ በእያንዳንዱ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ገጽ ላይ እጽፋታለሁ፤ ከሥሯም የሚመጣው ሰው ስም፣ ስልኩና የተቀመጠለት ገንዘብ አለ። እኔ ከጠቅላላው በጀት 10 በመቶውን ለጥገና ሳላስቀምጥ ሥራ አላስጀምርም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ሰፈሩን ያልጠየቀ ሥራ ምን እንደሚገጥመው የሚታወቅ ታሪክ አለ። በ1981 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሕንፃ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሪቻርድ ሴራ የሚባለውን ቀራፂ አሠርቶ ማንሃተን አንድ አደባባይ መሐል 36 ሜትር የሚረዝም፣ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው የብረት ግንብ አቆመ። ሥራው በባለሙያ ዓይን ትልቅ ነው። በዙሪያው ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች ግን አደባባያቸው ለሁለት ተከፍሎባቸው በየቀኑ ዞረው መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ አስቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። በ1985 ይፋዊ ስብሰባ ሲጠራ ይቆይ ያሉት 122፣ ይነሣ ያሉት 58 ነበሩ። ቢሆንም በ1989 ተቆራርጦ ተነሣ። እኔ በመነሣቱ አዝናለሁ። ሐዘኔ ግን ለሠራተኞቹም ጭምር ነው፤ በእያንዳንዱ ቀን ሕይወታቸው መሐል ምን እንደሚቆም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቁት ከቆመ በኋላ ነውና።

በተቃራኒው ፊላደልፊያን ተመልከት። በ1984 ከንቲባው ዊልሰን ጉድ በየግድግዳው የሚጽፉትን ልጆች ለማስቆም አንድ ፕሮግራም ሲያቋቁሙ ጄን ጎልደን የምትባል ወጣት ሠዓሊ ቀጠሩ። እሷ ልጆቹን ቀረበቻቸው፤ ችሎታቸውን አይታ ብሩሽ ሰጠቻቸው። ከዚያ የተወለደው ሙራል አርትስ ዛሬ በከተማዋ ከ4,000 በላይ ሥራዎችን አሠርቷል። አደረጃጀቱ ልብ ይባል፤ ግማሹ የከተማው መሥሪያ ቤት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ገንዘብ የሚያሰባስብ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ከተማው ሲደኸይ ማኅበሩ ይደግፋል፣ ለጋሽ ሲጠፋ ከተማው ይደግፋል።

ዘዴያቸውንም ልንገርህ፤ ለእናንተ ይጠቅማችኋልና። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይቀቡም። የፓራሹት ጨርቅ የሚሉት ስስ ጨርቅ አለ፤ አምስት ጫማ በአምስት ጫማ አድርገው ይቆርጡታል፣ ንድፉን በመስመር ያሰፍሩበታል፣ በየክፍሉ የቀለም ቁጥር ይጽፉበታል። ከዚያ ጨርቁ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ አረጋውያን መኖሪያ፣ ወደ እስር ቤት ይሄዳል። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ቁጥር 7ን በቀለም 7 ይሞላል። ሲደርቅ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ሠራተኛው ግድግዳው ላይ ወፍራም የአክሪሊክ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ጨርቁን ይለጥፋል፣ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋ የታፈነውን አየር ያስወጣል፣ ከላይ ደግሞ ይደግመዋል። ሲያልቅ መጋጠሚያው አይታይም፤ ጣትህን ብታሳልፍበት እንኳን ግድግዳ ነው የሚመስልህ። መወጣጫ ላይ መውጣት የማይችሉ እናት ሥዕሉ ውስጥ እጃቸው አለበት፤ በየቀኑ ሲያልፉም ያቺን የቀቧትን ቅጠል ይፈልጓታል።

ወደ ኮልፌ ልመለስ። ማኅበር ለማቋቋም አምስት ሰው ይበቃችኋል፣ አምስት ናችሁ። ሕጉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ስለምትሠሩ የምትመዘገቡት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የወቅቱን መመሪያ ጠይቁ። አዋጁ ሁለት ነገር ፈቅዶላችኋል፤ ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ማሰባሰብ ትችላላችሁ፣ ዓላማችሁን የሚደግፍ ገቢ የሚያስገኝ ሥራም መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ደግሞ ያስራችኋል፤ ለአስተዳደር የሚውለው ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህን ገደብ እወደዋለሁ።

አደረጃጀት አስቸጋሪ መስሎ ከታያችሁ የሰፈራችሁን ዕድር ተመልከቱ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ማንም ደመወዝ አይወስድም፤ መዝገቡ በጉባኤ ፊት ይነበባል። የኒውዮርኩ ቦርድም ሥራው ይኸው ነው። ገንዘብ ያዡን ከሠዓሊዎቹ መካከል አትምረጡ። ድንኳን የሚቆጥሩትን፣ ወንበር የሚያስመልሱትን አንድ አባት ወይም እናት ለምኑ።

ለግድግዳው ባለቤት በቃል አትመኑ። የመንግሥት ከሆነ ከወረዳው፣ የግል ከሆነ ከባለቤቱ፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ሥዕሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሕንፃው ቢሸጥ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚጠግን። የቀለም ፋብሪካ ቀለም ልስጣችሁ ካለ አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ ዓርማዬን በትልቁ ካለ ግን ታችኛው ጥግ ላይ ከሠዓሊዎቹ ስም እኩል ቦታ ስጡት፣ ከዚያ አይለፍ። ለቀቢ ሁሉ ክፈሉ። «ስምህ ይታወቅልሃል» ብሎ ወጣት ማሠራት በዚህ ሙያ ውስጥ በጣም የሚያናድደኝ ነገር ነው፤ አጣና የሚያስረው ሰው ይከፈለዋል፣ ሠዓሊውስ ለምን ይቀራል?

ስለ ግድግዳው ራሱ፦ አዲስ ልስን ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ሳይደርቅ አትንኩት፤ ሲሚንቶው ውስጥ ያለው እርጥበትና ጨው ቀለሙን ይገፋዋል። ክረምት ላይ አትጀምሩ፣ መስከረም ይጥባ። ከመሬት እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ከሆነ ከታች ጉልበት ድረስ ያለውን በአንድ ቀለም ተዉት፤ ሲበላሽ ሥዕሉን ሳትነኩ ታድሱታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቀን መካኒሳ ሂዱና ዞማ ሙዚየምን እዩ። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በጭቃና በጭድ የገነቡት ቦታ ነው፤ በ2019 ተከፈተ እንጂ ሐሳቡ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት የቆየ ነው። አንዷ ኩሬተር፣ አንዱ ሠዓሊ ናቸው። የሁለቱ ሥራ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለማየት ሞክሩ። ዕድል ከገጠማችሁ አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም እዩ። አዳራሹ በ1961 የተመረቀ ነው፤ ከዓመታት እድሳት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት እንደገና ሲከፈት መስታወቱም ታድሶ ነበር። ሥዕሉን የሠሩት ሰው ካረፉ ቆይተዋል፤ ዛሬም ብርሃን የሚያሳልፈው ተመልሶ የመጣ ሰው ስለነበረ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ የሠራሁትን ሥዕል አዲሱ ባለቤት ሳይነግረኝ ነጭ ቀለም ቀባበት። መብት አለኝ? (ሠዓሊት ር.)

መልስ፦ እህቴ ር.፣ አዝናለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከገንዘብ መብትሽ ሌላ የሞራል መብት ይሰጥሻል፤ ሥራው የአንቺ መሆኑ እንዲታወቅ የመጠየቅ፣ ክብርሽንና ዝናሽን በሚጎዳ መንገድ ሲዛባና ሲቆራረጥም የመቃወም። ያንቺ ጉዳይ በዚህ ውስጥ ይገባ እንደሆነ የሚነግርሽ ውልሽን ያየ ጠበቃ ነው። የሥዕሉን ፎቶግራፎች፣ ንድፎቹን፣ የተከፈለሽበትን ደረሰኝ ሰብስበሽ ሂጂ።

ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትስ የሚባል በሥዕል የተሸፈነ የፋብሪካ ሕንፃ ነበር። በ2013 ባለቤቱ በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባበት። ሠዓሊዎቹ በ1990 የወጣውን የሠዓሊያን መብት ሕግ ይዘው ከሰሱ፤ በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው፣ በ2020 በይግባኝም ጸና። ያ ሕግ ሊነሣ የሚችል ሥዕል ያለበት ሕንፃ ባለቤት ከማፍረሱ በፊት ለሠዓሊው አሳውቆ 90 ቀን እንዲጠብቅ ያዛል። ሠዓሊው በዚያ ጊዜ ሥራውን ያነሣል፣ ወይም ቢያንስ ሙሉውን ፎቶግራፍ ያነሣዋል።

ለሚቀጥለው ሥራሽ ይህንኑ በውል አስገቢው፤ ለመሸፈን ወይም ለማፍረስ ከታሰበ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ፣ ግዴታውም ሕንፃው ቢሸጥ ለገዢው የሚተላለፍ። ሥራውንም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቢ፤ ኋላ ክርክር ቢመጣ ማስረጃ ይሆንሻል። የምትዋዋይው ሰው ይህን አልፈርምም ካለ ግድግዳውን ተይው።